ማዳም ተመለሰች

ልጄ የልጅነቴን ካርቱን አዲስ ተከታታይ ስትከፍት፣ ገና ሙዚቃውን ስሰማ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።

በልጅነቴ ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ እኛ ጋ የተደበቀችው አክስቴ ካርቱኑን ከዐረብኛ ትተረጉምልኝ ነበር። ክፉዋን ጠንቋይ እንደ አሠሪዋ «ማዳም» ነበር የምትላት። በካርቱኑ መጨረሻ ጠንቋይዋ ባሕር ውስጥ ስትሰጥም፣ «ኸላስ! አለቀ፣ ማዳም ሞተች» ብላ ሳመችኝ።

በዓመቱ የካርቱኑ ክፍል ሁለት ተጀመረ። የምወዳት የደመና ከተማ ስትታይ በደስታ ዘለልኩ። ወዲያው ጠንቋይዋ ከባሕሩ ብቅ አለች።

«አክስቴ! ማዳም መጣች!» ብዬ ጮህኩ።

ክፍላችንን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። መጋረጃውን ስገልጥ አክስቴ አልጋ ሥር ገብታለች።

«ካርቱኑ ላይ እኮ ነው» አልኳት።

አልወጣችም። «በሩን እዪልኝ የኔ ልጅ፣ ተቆልፏል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እማ፣ ጠንቋይዋ ተመለሰች!» ትላለች አሁን ልጄ እየሳቀች።

ተነስቼ በሩ መቆለፉን አየሁ።