የትራውጎት ደረቅ መዳፍ

በላይፕዚግ ከተማ የትራውጎትን ያህል ደረቅ መዳፍ ያለው ሰው አልነበረም። ፕሮፌሰር ሊንዳው የኤሌክትሪክ ማሽናቸውን ለእንግዶች ሲያሳዩ አንድ ሠራተኛ መንኮራኩሩን በእጁ ያሽከረክራል፤ የብርጭቆው ኳስ ይሾራል፤ ትራውጎት ደግሞ ቡራኬ እንደሚሰጥ ቄስ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት መዳፉን ኳሱ ላይ ያሳርፋል። ኳሱ በደረቅ መዳፍ ሲታሽ ብልጭታው ይንጣጣል፣ ወይዛዝርቱም ይጮኻሉ።

ፕሮፌሰሩ ማሽኑን ማሻሻል አይሰለቻቸውም። ኳሱን አተለቁት፣ መንኮራኩሩን አፈጠኑት። በእያንዳንዱ ማሻሻያ የትራውጎት አፍንጫ ሽቅብ ይሄዳል። እርጥብ እጅ ብልጭታ ስለማይሰጥ ቤቱ ውስጥ ውኃ ከነካ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የምትቀዳውም የምታጥበውም ሚስቱ ሮዚና ነች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ሳህን እንኳ?»

«ሮዚናዬ፣ ይሄ እጅ እኮ የኔ አይደለም፤ የሳይንስ ነው።»

«ቋሊማው ሲቀርብ ግን ያንተ ይሆናል!»

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ የፈረስ ፀጉር የታጨቀበት ትንሽ የቆዳ ትራስ ይዘው መጡ። በሽቦ ሞላ እየተገፋ ኳሱን የሚያሸው ከእንግዲህ እሱ ነው አሉ። ትራውጎት መዳፉንና ትራሱን አፈራርቆ አየ።

«ጌታዬ፣ በትራስ ሊተኩኝ ነው?»

«እሁድ ትወዳደራላችሁ፤ ያሸነፈ ይቆያል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ትራውጎት ፈራ፤ ሲፈራም መዳፉ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አላበው። ሱሪው ላይ ጠረገው፣ አሁንም አላበው። ኳሱ ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ አንዲት ብልጭታ አልወጣውም። ተራው የትራሱ ሲሆን ግን ብልጭታው ዘሎ የአንድ ባለሥልጣን ሰው ሠራሽ ፀጉር ለበለበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ትራውጎት፣ አይዞህ፣ ከነገ ጀምሮ መንኮራኩሩን ታሽከረክራለህ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ለመሆኑ ይህን የመሰለ ትራስ ሐሳቡን አምጥታ፣ ሰፍታም የሰጠችኝ ሴት የት አለች?»

ከኋላ ወንበር ሮዚና ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

ማታ ትራውጎት ድስቱ የተዘፈዘፈበት ውኃ ውስጥ እጁን ነከረ። አዝኗል፤ እውነተኛ ሐዘን ነው። ሮዚና ጨርቅ ስታቀብለው እጇን አየው፤ ተሰነጣጥቆ ቀልቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ የራሱን እጅ ብቻ ነበር የሚያየው። አፈረ።

«ድስቱን እሸው እንጂ» አለችው ቁጭ ብላ። «በማሸት እኮ ስም ያለህ ሰው ነህ።»