የተደፈነችው ቀዳዳ

ኤምሪስ ዕድሜ ልኩን በዌልስ ተራሮች አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አልጋ፣ ምድጃና የጋዝ ማሞቂያ ያላት አሮጌ መኪና ገዛ። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍና ጎብኚው ሲበተን፣ ከሚስቱ ከኔስታ ጋር ተራራውን አቋርጦ ከባሕሩ ዳርቻ ያድራል። ብርድ ግን ጠላቱ ነው።

ዘንድሮም ካርታ ዘርግተው ማደሪያ ከመረጡ በኋላ፣ ኔስታ ዕቃ ልትጭን መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከጋዝ ማሞቂያው ሥር ያለችው የአየር ቀዳዳ በፕላስተር ተደፍናለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው?»

«አምና እግሬን ያደረቀችው እሷ ናት!»

«የማሞቂያው ጭስ እኮ ሽታ እንኳ የለውም። ተኝተን እንቀራለን!»

«አንቺ ደግሞ ሳትሞቺ ቀብርሽን ትደግሻለሽ» ብሎ ሳቀባት።

እንዲህ ያለ ሳቅ ስንቱን ቀብሯል! እግሩ እንዲሞቀው ብሎ የሚስቱን እስትንፋስ የሚዘጋ ሰው ቀልደኛ አይባልም።

ኔስታ ፕላስተሩን ቦጭቃ ጣለችው። «እሺ፣ አሸነፍሽ» አላት። አመነችው።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ኤምሪስ ማሞቂያውን ለኮሰ። ኔስታ መዳፏን ቀዳዳዋ ላይ አደረገች። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል፤ መዳፏን ግን ምንም አልነካውም። ጣቷን ሰደደች፤ ጨርቅ ነው። ኤምሪስ ከመኪናዋ ሥር በኩል ጠቅጥቆባታል።

ኔስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ዝጊው እንጂ፣ በረደኝ!»

«ጨርቁን አውጣው።»

ኤምሪስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። «ግድ የለም» አለ እየሳቀ፤ «እንቅልፍ ሲጥልሽ እኔው እዘጋዋለሁ።»