በአስር ሶላት ላይ የሳብኩት ትራስ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለኢማማችንም አልነገርኩም። ልጄ ሰዓዳ ከወንበር የወደቀችበት ቀን ሲነሳ ዝም እላለሁ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፋለሁ፤ አትዘኑልኝ።

ሰዓዳ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ አለባት። ከያዛት ወዲህ ስትቀመጥ ወገቧ ወደ ግራ ይከዳታል። ደሴ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ዳሌዋን እስከ ወንበሩ ጀርባ አስገብተን፣ እግሯን መሬት አስረግጠን፣ በግራ ጎኗ ጠንካራ ትራስ እንድናደርግ አሳየችን። «ሙቀት ሲበረታ ይብስባታል፤ ያኔ አይቆጧት» አለችኝ። ለምን እኔን ብቻ እያየች ተናገረች ብዬ ቂም ያዝኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስንፍና አልወድም። ዕድሜዬን ሰንበቴ ከተማ ገበያ ከብት ስነግድ ኖሬያለሁ። ሻጭ በሬው ደህና ነው ቢለኝ አላምንም። ወሬ አስይዤው፣ በሬውን ሳያስበው ከጎኑ ገፋ አደርገዋለሁ፤ እውነቱን ከእግሩ አያለሁ። ይህን ጥርጣሬ ይዤው ቤቴ ገባሁ። ከተማችን ከሚሴ ጠዋት ቀዝቀዝ ስትል ሰዓዳ የሱብሂን ሶላት ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ትሰግዳለች። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ዘመም ትላለች።

«ሰዓት የሚያውቅ በሽታ ገና አሁን አየሁ» አልኳት አንድ ቀን።

«በሽታዬ ጥላ ይወዳል፣ አባ። አንተስ አትወድም?» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ጠረጠርኩ። እናቷ ስታጎርሳት ጠረጠርኩ። ብቻዋን ስትሆን ትቃና እንደሆነ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እንደዘመመች ነበረች፤ መኖሬን አውቃ ነው አልኩ። ታዲያ ምን ብታደርግ አምናት ነበር?

በመጨረሻ እንዲህ አሰብኩ፤ ሰው አባቱን ይዋሻል፣ አላህ ፊት ግን አይዋሽም። የከሰዓቱን የአስር ሶላት ጀምራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጫማዬን አውልቄ ከኋላዋ መጣሁ። ትራሱን ሳብኩት። ልጄን በሶላቷ ላይ እንደ በሬ ፈተንኳት። ክንዷ እንኳ አልደረሰላትም፤ በግራ ትከሻዋ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

እናቷ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ሰዓዳ ግን ዓይኗን እኔ ላይ አደረገች።

«አባ፣ ትራሱ ነበረ እንዴ?»

«ነበረ። አንቺ ነሽ የተንሸራተትሽው» አልኳት።

ትከሻዋ ዳነ። እኔ የተናገርኩት ግን እስከ ዛሬ አልጋ ላይ አስተኝቷታል። ትራስ ቢኖርም ሰውነቴ ይጥለኛል ብላ አመነች። ባለሙያዋ «መቀመጥ ትችያለሽ» ስትላት እሺ አትልም። ተኝታ ትሰግዳለች፣ ተኝታ ትበላለች፤ ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል። ወንበሯ ላይ የታጠበ ልብስ እንከምርበታለን። ስናገላብጣት ደግሞ እናቷን «አንቺ ተይኝ፣ አባ ይያዘኝ፤ የሱ እጅ አይከዳኝም» ትላታለች። እኔም እይዛታለሁ። እንዲህ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ደስታ ነው።

ለምን ዝም አልኩ? እንዳትጎዳ ብዬ ነው እላለሁ፤ ራሴን ግን አላምነውም። ልጆቼን በትንሽ ውሸት የገረፍኩ አባት ነኝ። የኔን ውሸት ማን ገረፈ? በሽታዋን እኔ አላመጣሁትም። በሽታዋ የተወላትን መቀመጥ ግን እኔ ወሰድኩባት። ሙቀቱን አላውቅም ነበር ልበል? ተነግሮኛል። አላህን ምሕረት እንዳልለምን የሷ ሐቅ፣ የበደልኳት ዕዳ፣ አንገቴ ላይ አለ።

ሰዓዳ፣ ይህን ዛሬ አልጋሽ አጠገብ ቆሜ አነብልሻለሁ። ሰውነትሽ አልጣለሽም። ተቀምጠሽ ነበር፤ የጣልኩሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ አልልሽም፤ በውሸቴ ተኝተሽ ሳለ ይቅርታሽን መውሰድ ሌላ በደል ነው። ወንበርሽን ከልብሱ አጸዳዋለሁ። እጄን ካላመንሽው እናትሽ ትያዝሽ፤ ብቻ ተቀመጪ።