እሳት የተከለከለው ምድጃ

አሶሳ ለንግድ በከረምኩበት ዘመን ከባልንጀራዬ ጋር አንዲት የቀርከሃ ጎጆ ተከራይተን ነበር። ያከራዩን የአገሩ ተወላጅ አሮጊት ከግቢው ማዶ ይኖራሉ፤ ከደጃቸው ሲጣሩ ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ ያለ ግመል ዞር ይላል። ቤቱን ሲሰጡን የከበደ ውል አላሰሩንም።

«እሳት አይጠፋም። እኔ በየቀኑ ጣራ ላይ ጭስ አያለሁ። ጭስ ከሌለ ነቀዝ ቀርከሃ ይበላል» አሉን፤ በቃ።

ባልንጀራዬ ያኔ ሚስት ሊያገባ ቋምጧል። ባምባሲ የሰፈሩ አንድ ያገራችን ሽማግሌ ልጃቸውን ሊድሩለት አስበው፣ «አስቀድሜ ግን ቤቱን በዓይኔ ልይ» ብለው ላኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን ጣራ ይከድናል፣ አልጋ ያበጃል። የኔው ጉድ ምድጃ ሊሞሽር ተነሳ። የምድጃውን ዙሪያ በቀይ አፈር ለቀለቀ፣ ከንፈሩን በነጭ አፈር ኳለው፣ ከሱዳን ነጋዴዎች የገዛውን ዶቃ ጭቃው ላይ ተከለ፣ የጅግራ ላባ ሰካ። ጉልቻዎቹን በቅቤ አሻቸው፤ የገዛ ፀጉሩ ቅቤ ካየ ከርሟል። በመጨረሻ መካከላቸው የሰጎን እንቁላል አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እሳት የሚያነድ ወዮለት!» አለ።

«እኔስ ምን ልብላ?»

«ጥሬ ቆርጥም። ሽማግሌው እስኪመጡ ብትታገሥ ምን ትሆናለህ?»

ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቀንም አያርፍ። ጥርሴ የሚንገጫገጨው ከብርዱ ይሁን ከሽንብራው መለየት አቃተኝ።

በማግስቱ አሮጊቷ፣ «ጭሴ የት አለ?» ብለው ጮኹ፤ የጠፋች ፍየል የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት። ባልንጀራዬ በገል ላይ ፍም አድርጎ ርጥብ ኩበት ጫነበትና ውጭ ከጎጆው ጀርባ አኖረው። እሳቸው ከማዶ ጭሱን አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ነቀዝ ግን ከማዶ የሚታለል ፍጥረት አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ጣራው ውስጥ ኩርሽም ኩርሽም ሲል ይሰማኝ ጀመር። ከእኔ በቀር እዚያ ቤት የሚበላው ሁሉ ጠግቧል!

ሽማግሌው የመጡት ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ነው። ከጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠቡ ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉና መለስ አደረጉት። ቀይ ጉብታውን፣ ዶቃውን፣ ላባውን፣ እንቁላሉን አዩ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «እዚህ የተቀበረው ማን ነው?»

«ምድጃ እኮ ነው፣ አባቴ» አለ ባልንጀራዬ።

«እሳቱስ?»

«እንዳይጠቁርብኝ ብዬ…»

ይህን ሲል ከጣራው የነቀዝ ዱቄት ቡን ብሎ ወርዶ የሽማግሌውን ጢም አለበሰው። እሳቸው ቀና ብለው አዩ።

«እናንተ ቤት ዱቄት የሚነፋው ከላይ ነው? ለመሆኑ ልጄ እዚህ መጥታ ምን ልትሠራ ነው? እንቁላል ልትታቀፍ?»

ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። የባልንጀራዬ ፊት አመድ መሰለ፤ ያን ያህል አመድ ምድጃው ላይ ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር። ሽማግሌው ሠርጉን ይዘውት በሩ ላይ ደርሰው ሊወጡ ሲሉ አሮጊቷ የሚነድ ግንድ በእጃቸው ይዘው ገቡ። ለካ ዝናቡ የገሉን ኩበት አጥፍቶት ጭሳቸውን አጥተዋል።

«ወላሂ! ቤቴን ለነቀዝ አከራየህ?»

መልስ አልጠበቁም። እንቁላሉን አንስተው ለእኔ አስታቀፉኝ፣ ላባውን በእግራቸው ጠረጉ፣ ግንዱን ከጉልቻዎቹ መካከል ሰኩት። ቅቤው ቸስ ብሎ ተቀጣጠለ፣ ነጩ ከንፈር ጠቆረ፣ ዶቃው እየፈነዳ ተፈናጠረ። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡና መዳፋቸውን ለእሳቱ ሰጡ።

«አሁን ቤት መሰለ» አሉ። ወደ ባልንጀራዬ ግን ፊታቸውን አላዞሩም። «ግድግዳው ሲጠቁር ላክብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ያ ጥቁረት የሚፈራ ሰው ጥቁረት ፍለጋ ርጥብ እንጨት እየማገደ ዓይኑ እስኪጠፋ አለቀሰ። ገበያ ላይ ምን ሆኖ ነው እያሉ ሲጠይቁኝ፣ «ፍቅር ነው» እላለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው ተጠርተው መጡ። ሳይቀመጡ ግድግዳውን በጣታቸው ፋቅ አድርገው ጥቀርሻውን ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ጣታቸውን በባልንጀራዬ አዲስ ነጠላ ጠረጉና ስለ ሠርጉ ቀን ማውራት ጀመሩ።