በሙስበሃ የቆጠርኩት ካርታ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት የሠራሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በአገራችን ክረምት ዝናብ ነው፤ እዚህ ሳውዲ፣ ሳምጣ ከተማ ግን አቧራ ነው። ነፋሱ በተነሳ ቁጥር የሠራሁት ሥራ ፊቴ ይቆማል። የምታነቡ ሰዎች፣ ስሙኝ። እንድታጽናኑኝ አይደለም።

ያኔ ከባለቤቴ ከሙሄ ጋር አንድ የማንጎ እርሻ ውስጥ እንኖር ነበር። እሱ እርሻውን ይጠብቃል፣ እኔ በባለቤቶቹ ቤት ምግብ አበስላለሁ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረን። ጤና ነበርን። ልጃችን ሰሚራ ከእኛ ጋር ነበረች። አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎኝ ነበር? ምንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ችግር ገፋፋኝ እንዳልል ነው።

ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ በየእርሻው የሚሠሩ የወሎ ልጆች እኛ ዘንድ ይመጣሉ። በውሃ ሞተሩ ቤት ጥላ ምንጣፍ ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሃያ አንድ። የካርታው ድምር ወደ ሃያ አንድ የቀረበለት ያሸንፋል፣ ያለፈበት ይቃጠላል። የሚያስይዙት ሽርጥ፣ ሽቶ፣ አንዳንዴም በግ ነው። ሪያል አይነኩም።

«ሪያል ካልወጣ ቁማር አይደለም» ይል ነበር ቀልደኛው እንድሪስ። «ይኼ ስጦታ ነው፤ ሰጪው ሳይወድ የሚሰጠው!»

እንስቃለን። ሐራም መሆኑን አናውቅም ነበር? እናውቅ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ካርታው እስኪያልቅ አይበወዝም፤ ቶሎ የሚበውዝ ሰው ይጠረጠራል። ሙሄ ይህን ልብ ብሎ ከስልኩ ላይ ያየውን ዘዴ ነገረኝ። የወጣውን ካርታ የቆጠረ ሰው የቀረውን ያውቃል። ትንንሾቹ ቀድመው ካለቁ ትልልቆቹ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መጨመር ያቃጥላል። ሙሄ እየተጫወተ መቁጠር አልሆነለትም። ለእኔ ግን ሆነልኝ።

በምን ቆጠርኩ? በሙስበሃዬ፣ አላህን በማወሳበት መቁጠሪያ። ሻይ ቀድቼ ከሙሄ ትይዩ ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ። ከሁለት እስከ ስድስት ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ዶቃ ወደ ፊት እስባለሁ። አስር፣ እንደ አስር የሚቆጠር ባለ ሥዕል ወይም አስ ሲወጣ አንድ ዶቃ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። የመሐሎቹን እተዋቸዋለሁ። ወደ ፊት የተሳበው ሲበዛ ሙስበሃውን በመዳፌ እሰበስበዋለሁ፤ «አትጨምር» ማለት ነው። ካንጠለጠልኩት «ጨምር» ነው። ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ዚክር ላይ ያለችን ሴት ማን ይጠረጥራል?

ይማም የሚባል ሰው ነበር፣ በአል-ዓሪዳ ኮረብቶች በግ የሚጠብቅ። ከፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ትጋቱን አይቶ አንዲት እናት በግ ሰጥቶት ነበር። በአንዱ ጁምዓ በጓን በአንድ ወዳጁ መኪና ጭኖ መጣ፣ ሳምጣ ገበያ ሊሸጣት። ከካርታው በፊት ወደ እኔ ቀረብ ብሎ ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፈታ። የወርቅ ጉትቻ ነበር።

«እቴ ዘሀራ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ እስቲ እይልኝ። የልጄ ኒካህ ደርሷል፤ ነገ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ልሰጠው ነው። ያምራል?»

«ማሻአላህ» አልኩት። አፌ ማሻአላህ አለ፤ ዓይኔ ግን ጉትቻው ላይ ቀረ።

ይማም በጓን አስያዘና ተበላ። እኔ ነኝ ያስበላሁት።

«በጓ እንኳ ከገባች ጀምሮ ሙሄን ነበር የምታየው» አለ እንድሪስ። «አንተን ሰልችታሃለች!»

ሁሉም ሳቁ፤ ይማም አልሳቀም። ጉትቻውን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። «በጓን አስይዝ፤ እኔ ይህን ይዣለሁ።»

«ተው ይማም፣ ይኼ የልጅ ነው። ኸላስ» አለው ሙሄ።

«ስትበላ ደስ ብሎህ፣ ስትመልስ ፈራህ? ያላ፣ ተጫወት!»

ሙሄ ወደ እኔ አየ። እንዳስጥለው ነበር ያየኝ። «የዐስር ሶላት ደርሷል፣ ተነሱ» ብል ሁሉም ይነሱ ነበር። ለምን አላልኩም? እላችኋለሁ፦ ጉትቻውን ስለፈለግሁት።

ይማም ካርታውን አደለ። ሙሄ አስራ ሦስት ሞላ። ከዶቃዎቹ አብዛኞቹ ወደ ፊት ተስበዋል፤ የቀሩት ትልልቆቹ ናቸው። ይህን በዚያ ምንጣፍ ዙሪያ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ሙሄ እጄን ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት ይማም ዞር አለና እጄ ላይ ያለውን ሙስበሃ አየ።

«እቴ፣ እንደያዝሽው ለእኔም ዱዓ አርጊልኝ።»

«አላህ ይርዳህ» አልኩት። እያልኩትም ሙስበሃውን በመዳፌ ሰበሰብኩ።

ሙሄ አልጨመረም። በእነሱ ደንብ አዳዩ አስራ ሰባት እስኪሞላ መጨመር ግዴታው ነው፤ ይማም አስራ አራት ነበረው። ጨመረ። ንጉሥ ወጣ፤ ተቃጠለ። ሙስበሃውን አንጠልጥዬው ቢሆን ያ ንጉሥ ለሙሄ ይወጣ ነበር፤ የሚቃጠለውም ሙሄ ነበር። በጓም ጉትቻውም ወደ ባለቤታቸው ይመለሱ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ። ሙሄ መቁጠሬን ያውቃል፤ ይህን አስቤ መሰብሰቤን ግን አያውቅም።

ይማም ተነሳ፣ ሽርጡን አራገፈ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። «አላህ ይስጥሽ እቴ» አለኝ። «ለዱዓሽ።»

ስንት ጊዜ ሰማሁት ያን ቃል! ከዓመት በኋላ ወደ አል-ዓሪዳ ሰው ላክሁ። አሠሪው መንጋውን ሸጧል፣ ይማም የት እንደሄደ አይታወቅም አሉኝ። ስልኩ አይሠራም። ጉትቻው ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። አላህ የራሱን ሐቅ ይምር ይሆናል፤ የይማምን ሐቅ ግን ይማም ካልተወልኝ ማን ይተውልኛል? ይማም፣ ይህ ከደረሰህ አፉ በለኝ። ባትለኝም አልፈርድብህም። ቁማር ብቻ አይደለም የሠራሁት፤ ዱዓ ስትለምነኝ በዱዓው መሣሪያ ወጋሁህ።

ከዚያ ጨዋታ በማግስቱ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ሙስበሃውን አነሳሁ። ሱብሐነላህ ስል ጣቴ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ ይላል። መልሼ አስቀመጥኩት። ሰሚራን ቀሰቀስኳት፣ ጸጉሯን አበጠርኩላት፣ ጉትቻውን አደረግኩላት። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ወዲህ ወዲያ አለች።

«እማ፣ ማን ሰጠኝ?»

«አላህ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ በይ።»

አለች።