የአባቴ ካሴት ሁለተኛ ገጽ

ባለፈው ጥር፣ የቆየ ሙዚቃ መሰብሰብ የሚወድ አንድ ወዳጄ «ይቺን ስሚ፣ የጠፋች ዕንቁ ናት» ብሎ በስልክ የላከልኝን ዘፈን ስከፍት፣ መጀመሪያ የመጣው የካሴት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ የተፈታ ሽቦ የተወጠረበት ክራር ጮኸ፣ ያደግሁባት የድንበር ቆላ የኮኪት ሙቀትም አንገቴ ላይ ተሰማኝ። ዘፋኙ አባቴ ነው። አድናቂዎቹ ከዘፈኑ ሥር «ከሌላ ዓለም የመጣ ድምፅ» ብለው ጽፈዋል። አባቴ የመጣው ከኮኪት ነው፤ የትራክተር ሹፌር ነበር።

በልጅነቴ ሰሊጥ ሲደርስ፣ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃምና ከወሎ ይጎርፉ ነበር። አባቴ ሙላት ቀኑን በተጎታች ውኃ ሲያመላልስላቸው ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ተጎታቹ ጫፍ ተቀምጦ ክራሩን ሲያነሳ፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ ይከቡት ነበር። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ እንኳ ከሞተሩ በላይ ይሰማ ነበር። የተለየ ሊቅ ነበር አልልም፤ በየእርሻው እንደሱ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ግን እሱ ነበር።

አንድ በጋ፣ ከድንበሩ ማዶ የገላባቱ ነጋዴ ወዳጁ ሐሰን ትልቅ ቴፕ ይዞ መጣና «ሙላት፣ ቅዳው፣ ገዳሪፍ ወስጄ አባዛልሃለሁ» አለው። ቀረጻው በመጋቢት እኩለ ቀን ሆነ፣ በዚያ ሙቀት መኪናው ሁሉ ቆሞ ዶሮም አፏን ከፍታ ዝም ስለምትል። ቴፑ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይፈልግ ነበር፣ ሱቅ የተገኘው ግን ሦስት ነው፤ ስለዚህ እናቴ እንደ አገሩ ሁሉ ያለቁትን ሦስት ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ በፀሐይ አሰጣቻቸውና፣ እነሱም እንደ ልማዳቸው ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ዘሩ። የመጀመሪያው ገጽ ደህና ተቀዳ። በሁለተኛው ላይ ድንጋዮቹ እየደከሙ፣ የካሴቱም ክር አብሯቸው እያዘገመ ሄደ፣ ማናችንም ግን አላወቅንም፤ መጨረሻውን በዚያው በደከመ ድንጋይ መልሰን ስንሰማው የአባቴ ድምፅ ልክ የራሱ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ካሴቱን ስንጠብቅ ከረምን። አባቴ ጥቁሩን ጭቃ ከጎማ እየፋቀ ስለ ካሴቱ ያወራ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስለ ራሱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን እናቴን «ከእንግዲህ እኔ ባልኖርም ይሰሙኛል» አላት።

«አሁን ስላለህ ጎማውን ጨርስ» አለችው።

በመስከረም ማለቂያ የተባዙት ካሴቶች በካርቶን ደረሱና፣ ኮኪት ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ካሴት በአዲስ ድንጋይ ተከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ተጨበጨበለት። በሁለተኛው ገጽ ላይ አዝግሞ የተቀዳው ክር ይሮጥ ጀመር፣ ድምፁም ዘፈን በተለወጠ ቁጥር እየቀጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻው ላይ የሴት ልጅ ድምፅ ሆነ።

«አያ ሙላት፣ ይቺ ልጅህ ናት እንዴ?» አለ አንድ ጎጃሜ፣ ሰውም ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየ።

«ኧረ ራሱ ነው! መንገድ ላይ በሙቀት ቀልጦ ነው እንጂ» አለ ጓደኛው።

አባቴም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ክራሩን አልነካም፤ ሲለምኑት «ካሴቱን ስሙ» ይላቸው ነበር።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲያሽት ወፍ እንደ ደመና ይወርድበት ነበር። ያኔ የካሴት ክር አውጥቶ ከችካል ወደ ችካል መወጠር የተለመደ ነበር፤ ክሩ በነፋስ ሲያፏጭ፣ በፀሐይ ሲብለጨለጭ ወፉ ይሸሻል። በዚያ ዓመት አባቴ የራሱን ካሴቶች አንድ በአንድ እየፈታ ማሳው ላይ ወጠራቸው፤ እኔም ጨዋታ መስሎኝ ጫፉን ይዤ እየሳቅሁ እሮጥለት ነበር። የተረፉት ሐሰን ሱቁ ውስጥ ያስቀራቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ከነዚያ አንዱን ገዝቶ ሁለተኛውን ገጽ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ሰው ነው አባቴን «ያገኘው»።

ከዚያ አንድ አሳታሚ ካሴቱን በሸክላ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። አባቴ ካረጀ ወዲህ ወደሚኖርባት ገንዳ ውሃ ከተማ ሄጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ደወልኩላቸው። አባቴ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለተኛው ገጽ በራሱ ድምፅ ይሁንልኝ። ፍጥነቱን መቀነስ ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩን ያነሳው ጨዋ ወጣት ግን ተቅለሰለሰ።

«አባባ፣ እሱ ከተስተካከለ እኮ ተራ የክራር ዘፈን ነው የሚሆንብዎት።»

«ታዲያ የዘፈንኩት ተራ የክራር ዘፈን ነዋ!»

«አድማጩ የወደደው ይሄንኛውን ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ተዉት፣ ልጄ» አለ አባቴ። «በሌላ ሰው ድምፅ ላይ ስሜን አትጻፉብኝ።»

ዘፈኑን የላከልኝ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ተቆጣኝ፤ እኔ ልጁ ሆኜ ሳላግባባው መቅረቴ ወንጀል መሰለው። የአባቴ ድምፅ አሁን ቀጭን ሆኗል፣ ድንጋይ ሳይደክም፣ በዕድሜ። እኔም ብዙ አንብቤ፣ ብዙ አድናቂ አይቼ፣ ዞሬ ዞሬ የምመርጠው እነዚያን ሳሉጎች ነው። የሳቁት እውነተኛ ድምፁን ስለሚያውቁት ነበር። የዛሬዎቹ አይስቁም፣ አክብሮታቸውም ልብ የሚነካ ነው፤ አባቴን ግን አንድ ቀንም ሰምተውት አያውቁም።