ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር

ሸረፋ መርዶውን ይዞ በጓሮ በኩል ሲገባ ዘይባ እንሰቱ መካከል ጎንበስ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። በፊት ለፊቱ በር አለመምጣቱን ስታይ ልቧ ደነገጠ። ሸረፋ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ከመንገድ ጀምሮ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ፣ አንዱን እየታገለ፣ አንዷን ትከሻው ላይ እያወጣ ነው። ያን ቀን ግን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በጭቃው ላይ ኮቴውን ሳያሰማ መጥቶ የእንሰት ቅጠል ገለል አድርጎ ቆመ።

“እትዬ ዘይባ፣ ሳሌሃ...” አለና አልጨረሰውም።

“ተመለሰች?” አለችው፣ እንዳልተመለሰች እያወቀች።

“ትናንት እዚያው አዲስ አበባ አርፋለች። ወዲያው ቀበሯት። ቃሉን ያመጣው የአውቶቡሱ ሾፌር ነው።”

ዘይባ “ኢንና ሊላሂ” አለች። እጇ ላይ የነበረውን ጎመን መልቀም ጀመረች፤ ቢጫውን ወዲህ፣ አረንጓዴውን ወዲያ።

“ልጆቹ እንዳይሰሙ፣” አለ ሸረፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ወንድሜ ከማሉ ነገ ይገባል። አገና ላሉት ወንድሞቿም ሰው ልከናል። እነሱ ሳይደርሱ ከዚህ ግቢ ለቅሶ ከተሰማ ‘እህታችንን ጎረቤት ቀድሞን አለቀሳት’ ብለው ይቀየማሉ። አንዲት ቀን ቻዪው።”

“ልጆቿን ሊወስዱ ነው የሚመጡት።”

“ገና ምኑን አውቀሽ?”

“አያታቸው በሕይወት አለች። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እወስዳለሁ፣” አለችና ወደ ጎመኑ ተመለሰች።

ሳሌሃ የዘይባ ጣውንት ነበረች። ከማሉ ከአገና አግብቶ ቡታጅራ ሲያመጣት ዘይባ ሦስት ልጆች ወልዳ፣ በሰፈሩ ብርቅ የነበረውን ቆርቆሮ ቤት ሠርታ ተቀምጣለች። ለአዲሷ ሙሽራ ከጎኑ የሳር ቤት ተሠራ። ዘይባ ባሏን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል አጥር። ከማሉም ቀርከሃ ገዝቶ ማጠር ጀመረ። ሳሌሃ አልተቀየመችም። ጭራሽ ወጥታ ቀርከሃውን ታቀብለው ጀመር።

“አጠጋጋው እንጂ!” ትላለች፣ ዘይባ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “የሰይዶ እናት ዓይኗ ቀጭን ነው፤ በዚህ ሾልኮ ያየኛል።”

ዘይባ ቤቷ ውስጥ ሆና ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ያ አጥር አንድ ክረምት አልዘለቀም። ያፈረሰውም ሰው የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ አንዱን ለፈረስ፣ አንዱን ለበቆሎ መጥበሻ እየነቀሉ መስከረም ሲጠባ ጥቂት ቋሚዎች ብቻ ቀሩ። እነሱንም ሳሌሃ ማገደቻቸው።

ሳሌሃ እንደ አገሯ ሴቶች እንሰት ስትፍቅ እጇ አይታይም። ዘይባ ደግሞ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ከተማ ነው ያደገችው፣ ለዚያ ሥራ እጇ ከባድ ነው። ሳሌሃ የራሷን ጨርሳ የዘይባን መፋቂያ ሳንቃ ትጠጋና “ተነሺልኝ፣ እንሰቱን አታሰቃዪው” ትላታለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ጉድጓድ ቆጮ፣ አንድ ድስት ጎመን ሆኑ። ሳሌሃም አብዶን፣ ከድጄን፣ በመጨረሻም ኡሚን ወለደች። የዘይባም ልጆች በዙ። ክረምት ሲገባ ሁሉም ቆርቆሮው ቤት ጅባ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ እግር ለእግር እየተራገጡ ያድራሉ። እንግዳ መጥቶ “ያንቺዎቹ የትኞቹ ናቸው?” ብሎ ሳሌሃን ከጠየቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

“የሚታዘዙት የሷ፤ የሚበሉት የኔ።”

ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሳሌሃ ልጆቹን ልብሳቸውን አስወልቃ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር ታቆማቸዋለች። አንድ ሳሙና ይዛ ከራስ እስከ እግር፣ የሷም የዘይባም ሳትል ታጥባቸዋለች። ትንንሾቹ ሳሙና ዓይናቸው እንዳይገባ መዳፏን እንደ ጥላ ግንባራቸው ላይ ትደፋለች። ዘይባ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች።

“ሳምባቸውን ልታስመቺ ነው! አንቺ ሴት፣ አላህን አትፈሪም?”

“ብርድ ቢገድል አገና ሰው አይኖርም ነበር! ውሃው ራሱ እቤት ድረስ መጥቶ እኔ ምንጭ ምን አስወረደኝ?”

ዘይባ ራሷ አንድም ቀን ፈቅዳላቸው አታውቅም። ሳሌሃ ከሌለች ልጆቹ ዝናቡን በበር ያያሉ እንጂ አይወጡም።

ኡሚ የተወለደች ጊዜ ሳሌሃ ታመመች፤ ወተቷም ደረቀ። ዘይባ ያኔ የራሷን ልጅ ታጠባ ነበርና ኡሚንም ወስዳ በሌላው ጡቷ ያዘቻት። ሳሌሃ ከመደቧ ቀና ብላ “ሞላ ያለውን ለኔ ልጅ” ስትል፣ ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች በበሽተኛ ፊት ለመሳቅ አፈሩ። ከዚያ ወዲህ ደህና ስትሆንም ደህና አልነበረችም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለቱ ክረምት ጭራሽ ባሰባትና ከማሉ አዲስ አበባ ሊያሳክማት በአውቶቡስ ይዟት ሄደ። ልትሳፈር ስትል ለልጆቹ የተናዘዘችው ይህን ነው፤ “ለዘይባ ታዘዙ። እምቢ ካላችሁ ደግሞ ሩጡ፤ አትደርስባችሁም።”

መርዶው በመጣበት ቀን ዘይባ ጎመኑን ቀቀለች፣ ቆጮውን ጋገረች፣ ልጆቹንም በትሪው ዙሪያ ሰብስባ አበላች። ኡሚ አጠገቧ ነበረች።

“እማ ሳሌሃ ዛሬ ትመጣለች?”

“አባትሽ ነገ ይመጣል።”

“እሷስ?”

“ጎመንሽን ብዪ።”

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ በሩ ላይ ተደራርበው ከቆርቆሮው የሚንዠቀዠቀውን ውሃ ያያሉ። የዘይባ የበኩር ልጅ ሰይዶ “እማ ሳሌሃ ብትኖር ይሄኔ ወጥተን ነበር” አለ።

ዘይባ ሳሙናውን አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። “ውጡ፣” አለች።

መጀመሪያ ያመናት የለም። ከዚያ አንዷ ጮኸች፤ ልብስ በየቦታው ተጣለ፤ ግቢው በጩኸትና በሳቅ ተናወጠ። የሳሌሃ የበኩር ልጅ አብዶ ብቻ ሸሚዙን ሳያወልቅ በሩን ተደግፎ ቀረ።

“አንተስ? ሂድ እንጂ።”

“እማ ዘይባ፣ አንቺ እኮ አትፈቅጂም።”

“ዛሬ ዝናቡ ሞቅ ይላል።”

እጁን ዘርግቶ ጠፈጠፉን ነካው። “ይቀዘቅዛል፣” አለ። ፊቷን ሳያይ፣ “አጎቶቼ ይመጣሉ?” አላት።

ዘይባ ልታባብላቸው ያደረገችው ነገር ራሱ መርዶ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አብዶም ሸሚዙን አወለቀ፣ ወጣ፣ ሳሙናውን ከሰይዶ ተቀብሎ ኡሚን ያጥባት ጀመር። መዳፉን ግንባሯ ላይ ደፍቶ ነበር።

በማግስቱ ከማሉ ብቻውን ከአውቶቡስ ወረደ። ማምሻውን የሳሌሃ ወንድሞች ተራራውን በበቅሎ ተሻግረው ደረሱ። ያኔ ተለቀሰ። ትንንሾቹ ሸረፋ ቤት ተወስደው ነበርና አልሰሙም። ለነከድጄ ቀስ ተብሎ ተነገራቸው፤ ለኡሚ ግን “ሕፃን ናት፣ ትቆይ” ተባለ። ለቅሶው በረድ ሲል የሳሌሃ ታላቅ ወንድም ሙሀመድሰይድ የልጆቹን ነገር አነሣ።

“እናቴ ልጆቹን ይዘህልኝ ና ብላኛለች። በሳሌሃ ምትክ ዓይኗን የምታሳርፈው በነሱ ላይ ነው።”

ከማሉ አቀርቅሮ መሬት ይጭራል። ዘይባ ወንዶች በተቀመጡበት አትናገርም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከበሩ ኋላ ወጣች።

“ኡሚ ጡቴን ጠብታ ነው ያደገችው። ከድጄ ከልጆቼ ተለይታ አድራ አታውቅም። አብዶም የሚያውቀው ቤት ይህን ነው። እነዚህን ልጆች እኔና ሳሌሃ ለይተናቸው አናውቅም፤ እናንተ ከየት ጀምራችሁ ልትለዩአቸው ነው?”

ለቅሶ ከመጡት ሽማግሌዎች መካከል የነበሩት ሼህ “በጡት እናቷ ነች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም” አሉ።

ሙሀመድሰይድ ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ዘይባ፣ ሳሌሃ ሰላምታ በላከች ቁጥር ያንቺን ስም ሳታነሣ አታውቅም። ግን ባዶ እጄን ስገባ እናቴን ምን ልበላት?”

ያን ጊዜ ጥግ ይዞ የተቀመጠው አብዶ ተነሣ።

“እኔ እሄዳለሁ። እነሱን ተዉአቸው።”

ዘይባ አፏን ከፈተች፤ ግን የምትለው ነገር ሁሉ ከድጄንና ኡሚን መልሶ የሚያስጠይቅ ሆነባት። ሼሁ “አላህ ያሳድግህ” አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አብዶ ሲሄድ ዘይባ እስከ መንገዱ ሸኘችው። በቅሎዋ ላይ ከወጣ በኋላ ጎንበስ አለላት።

“ለኡሚ አንቺም አትንገሪያት፣ ማንም አይንገራት። እኔ ነኝ የምነግራት። ለአረፋ እመጣለሁ።”

“እሺ፣ አባቴ።”

አረፋ ሲደርስ አያቱ ታመመችና አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት አጎቱ አዲስ አበባ ሱቅ አስገባው፤ በሰው በሰው ሰላምታ ይልካል። ኡሚ ትምህርት ቤት ገብታለች። እናትሽ ማን ናት ሲሏት “አንዷ እዚህ ናት፣ አንዷ አዲስ አበባ” ትላለች፤ አብዶም እዚያ ስላለ እናቷ የምታበስልለት ይመስላታል። ከድጄና ሰይዶ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አፋቸው አምልጧቸው አያውቅም። ዘይባ ልትነግራት ስንቴ አጠገቧ አስቀምጣታለች፤ ግን ለአብዶ እሺ ብላለች፤ ፀጉሯን ጎንጉና ትለቃታለች።

ይኸው ሌላ ክረምት ገባ። አብዶ አልመጣም። ለኡሚም እናቷ መሞቷን የነገራት የለም።